ጨውን ጠይቁት

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የሰፈር ልጆች የኬሚስትሪ ደብተራቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ከሃይድሮጂን እስከ ካልሲየም በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል። «ሶዲየም ስንት ነው?» ስላቸው «11!» ይላሉ። «11 ምን?» ስል ግን ዝም።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቀለም ገንዳ ውስጥ ጨው በኪሎ ሲጨመር አየሁ። የፈረቃ አለቃዬ «ጨው ለምን የምንጨምር ይመስልሃል?» አለኝ። ስቸክለው የኖርኩት ሁሉ አልደረሰልኝም። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

11 ማለት በሶዲየም አቶም አስኳል (መሀሉ) ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቅንጣቶች፣ ናቸው። 10 ቢሆኑ ኒዮን ነው፤ 12 ቢሆኑ ማግኒዥየም። የንጥረ ነገሩ ማንነት ያ ቁጥር ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1913 በኤክስሬይ ያሳየው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። ባስታወስኩት ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

የሶዲየም ኤሌክትሮኖችም፣ ከአስኳሉ ውጭ ያሉት ኔጌቲቭ ቅንጣቶች፣ 11 ናቸው፤ 2፣ 8፣ 1 ሆነው ተደርድረዋል። ዳር ያለችው ብቸኛዋ ኤሌክትሮን ቶሎ ትወጣለች። ክሎሪን ደግሞ ዳር ላይ 7 አለው፤ አንድ ይጎድለዋል። አንዱ ሰጠ፣ አንዱ ተቀበለ። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካ የሚቀጣጠል ሜታል ነው፤ ክሎሪንም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከአፋር ባቲ ገበያ ሲመጣ የኖረው ጨው ይሆናሉ።

የአለቃዬም መልስ እዚያው ነበር። ጥጥ ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ነው። ቀለሙም ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ኤሌክትሮኑን የሰጠው ሶዲየም ፖዘቲቭ ስለሆነ እንደ ሽማግሌ መሀል ይገባል። ግፊያው ይበርዳል፣ ቀለሙም ወደ ክሩ ይጠጋል። የለበሳችሁት ቀለም ያለው የጥጥ ሸሚዝ በአንዲት ኤሌክትሮን መጉደል የተቀለመ ሊሆን ይችላል።

ፈተና የምትጠብቁ የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ አብሽሩ። ሰንጠረዡ ላይ 118 ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሁሉንም ዛሬ መያዝ የለባችሁም። አንዱን እስከ ሥሩ እወቁት። እናታችሁ ቡታጋዝ ላይ የጣደችው ወጥ ሲገነፍል እሳቱን እዩት። ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል። በወጡ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እሳቱ ውስጥ ለአፍታ ኤሌክትሮን መልሶ ያገኛል። ኤሌክትሮኗ በሙቀቱ ወደ ላይ ትዘላለች፤ ስትመለስ ጉልበቷን በቢጫ ብርሃን ትለቃለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ብረትን ያዙ፣ 26ን። የግቢያችሁ በር ለምን እንደሚዝግ ጀምሩበት።