«እኔን እንኳ አያታልሉኝም»

ጥያቄ፦ አገሮች በኢንተርኔት የሌላውን አገር ሕዝብ አእምሮ ይወጋሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ የተማርኩ ነኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አላምንም። ታዲያ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ይችላሉ? ወይስ ነገሩ ተጋንኗል?

መልስ፦ አልተጋነነም። እርስዎንም ይመለከታል። ሥነ ልቦና ሳስተምር ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምነግራቸው የሂውስተንን ታሪክ ነው።

ግንቦት 2016፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የሂውስተን ከተማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በአንድ እስላማዊ ማዕከል ደጃፍ ሁለት ቡድኖች መንገድ ዳር ለዳር ተፋጠጡ። አንዱ እስልምና ቴክሳስን እየወረረ ነው ብሎ ሊቃወም የወጣ ነው። ሌላው ማዕከሉን ሊደግፍ። ግራና ቀኝ ቆመው ተጯጯሁ። ሁለቱን ሰልፎች የጠሩት የፌስቡክ ገጾች ግን የአንድ ድርጅት ነበሩ፤ መቀመጫው ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ። የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴ በ2017 ጉዳዩን ሲያጋልጥ፣ ለማስታወቂያው የወጣው 200 ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነገረ።

ልብ ይበሉ፦ አደባባይ የወጡት ሰዎች እውነተኛ ነበሩ። ቁጣውም የራሳቸው ነው። ከሩቅ ያለው ሰው ቀንና ቦታ ቆረጠላቸው፣ በቃ። እዚህ ላይ «አልታለልም» ማለት አያድንም፤ ሰው የወጣው ከልቡ ለሚያምንበት ነገር ነውና።

ውሸቱም የራሱ መግቢያ አለው። ደጋግመን የሰማነው ነገር እውነት እየመሰለን እንደሚሄድ ተመራማሪዎች በ1977 አሳይተዋል። በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ከዚህ እንደማያመልጡ አሳየ። ስለዚህ ትምህርትዎ ብቻውን ጋሻ አይሆንም።

«እንግዲያው ምንም አትመኑ» የሚሉ መካሪዎች አሉ። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሁሉን የሚጠራጠር ሰው እውነቱ ሲነገረውም «ማን ያውቃል» ብሎ ያልፋል፤ አጥቂውም የሚመኘው ይህንኑ ነው። መጋቢት 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘሌንስኪ ወታደሮቻቸውን «መሣሪያ አስቀምጡ» ሲሉ የሚያሳይ በኮምፒውተር የተፈበረከ ቪዲዮ ተለቀቀ። መንግሥታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ ይችላል ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። እሳቸውም ወዲያው በራሳቸው ቪዲዮ አስተባበሉ። በእኔ እምነት ነገሩን ያከሸፈው ሕዝቡ ጆሮ የሚሰጠው ምንጭ ስለነበረው ነው።

እርስዎም አንድ ጽሑፍ ደምዎን ካፈላው ሼር ከማድረግዎ በፊት ቆም ይበሉ። ገጹን ማን ከፈተው? መቼ? ሌላስ ማን ዘገበው? ሰልፍ ውጡ የሚል ከሆነ ደግሞ አስተባባሪውን በአካል የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ። ካጡ አይውጡ።