ርዕሱን ስታነቡ ግሡን ተመልከቱ

ውድ ወጣት አንባብያን፤

በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ካሳለፍኳቸው ዓመታት የሚበዙትን የፈጀሁት ሌሎች በጻፉት ዜና አናት ላይ ርዕስ በማኖር ነው። ብዙ አንባቢ ርዕሱንም ዜናውንም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስለዋል፤ ዘጋቢው ቦታው ድረስ ሄዶ ያጠናቀረውን ግን ቦታውን ያላየ አርታዒ፣ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላክበት ሰዓት እያጣደፈው፣ በጥቂት ቃላት ይቋጨዋል። ርዕስ አንባቢን ያሳስታል ወይ ብትሉኝ፣ ያሳስታል፤ የሚያሳስተው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመዋሸት ሳይሆን እውነቱን በመከርከም ነው።

በእኛ ቋንቋ መከርከሙ የሚደበቀው ግሡ ላይ ነው። «ተባለ»፣ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ» ባለቤቱን ይሰውራሉ፤ የተናገረው ሚኒስትር ይሁን ከተሰብሳቢው አንዱ ከርዕሱ አይታወቅም። «ሊገነባ ነው» ደግሞ በጀት ተይዞለት ተቋራጭ የተረከበውንም፣ ገና በሐሳብ ያለውንም እኩል ያደርጋቸዋል። እኔም አንድ ጊዜ «ድልድዩ ሊሠራ ነው» ብዬ አውጥቻለሁ። ዜናው የሚለው ጥናት እንዲካሄድ መታዘዙን ብቻ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ከዚያው ወረዳ አንድ አዛውንት ጋዜጣውን አጣጥፈው እንደያዙ ቢሮዬ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ለክረምት ይደርስልን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልስላቸው አልነበረኝም። ጥናቱ መጀመሩን እንኳ አላጣራሁም ነበር፤ በየማግስቱ ሌላ ርዕስ ይጠብቀኛልና።

ቁጥር ያዘለ ርዕስ ከዚህም ይከፋል። በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ እንደሚያደርጉ አስጠነቀቀ፤ የዜና አውታሮችም ይህንኑ «እጥፍ» ይዘው አስተጋቡ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው ወደ 2 ማደጉ ነው። ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ የፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል።

ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብቡ ብሎ መምከር ቀላል ነበር፤ ሆኖም አይበቃም። የምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ርዕሱ አሳሳች ከሆነ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ጭምር በኋላ የሚያስታውሰው ወደ ርዕሱ እንደሚያጋድል አሳይተዋል። ስለዚህ አንብባችሁ ስትጨርሱ ርዕሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የራሳችሁን ስጡት፤ ከታተመው ጋር ካልገጠመ የተከረከመው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል። (በየዩቲዩቡ «ሰበር ዜና» ለሚባለው ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም።) እኔ ያን የድልድይ ዜና ዛሬ ባወጣው «ለድልድዩ ጥናት እንዲካሄድ ታዘዘ» እለው ነበር። ከፊተኛው የሚበልጠው በአንድ ቃል ብቻ ነው።