ታንኬ ኮይል ይበላል፤ ወደ ድሪፐር ልዙር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ታንክ (የፈሳሽ መያዣ) ያለው ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ነው ያለኝ። ኮይሉ (ማሞቂያ ሽቦው) 0.15 ኦም ሜሽ፣ እንደ ወንፊት ያለ፣ ነው፣ ከ60 እስከ 80 ዋት ይላል፤ እኔ በ80 ነው የምስበው። ጁሱ (የሚተነው ፈሳሽ) 80 ቪጂ ነው፣ ጣዕሙ ካስተርድ፣ ጣፋጭ ክሬም። አዲስ ኮይል አራት ቀን አይሞላውም፣ የተቃጠለ ጥጥ መቅመስ እጀምራለሁ። ጓደኛዬ «ታንኩን ጣልና ድሪፐር ግዛ፣ ጣዕም ምን እንደሆነ ያኔ ታውቃለህ» ይለኛል፤ ጁሱ በእጅ ጥጡ ላይ የሚንጠባጠብበትን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው? ከገዛሁስ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

መልስ፦ ስለ ጣዕሙ ጓደኛህ አልዋሸም። ግን ጥጡ የሚቃጠለው ጁሱ በጊዜ ስለማይደርስለት ነው፣ ታንክ የሆነ ሁሉ ስለሚያቃጥል አይደለም። ይህን ካስተካከልክ ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልግህም።

ኩራዝ አስብ። ክሩ ነጭ ጋዙን እየሳበ እስካመጣ ድረስ ክሩ ብዙም አይነካም፤ ጋዙ ሲያልቅ ግን ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምርና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። በቬፕም ኮይሉ ጁሱን ሲያተን ጁሱ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል፣ ጥጡም ይድናል። ጥጡ ከደረቀ ሙቀቱ የሚያርፈው እሱው ላይ ነው። አንዴ ያረረ ጥጥ ደግሞ ጁስ ብታጠጣው አይመለስም።

ያንተ ጁስ ለምን ይዘገያል? 80 ቪጂ ማለት ከመቶው 80ው ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን በክፍል ሙቀት ከፒጂው፣ ከፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ከ20 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል፦ ንጹሕ ግሊሰሪን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0 ሲወርድ ውፍረቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በሚኒሶታ ክረምት ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ታንክ ጠዋት ላይ የረጋ ማር ነው። አንተ ደግሞ እሱን በትንንሾቹ የኮይል ቀዳዳዎች አሾልከህ በ80 ዋት ልታተነው ትፈልጋለህ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ካስተርዱ ነው። ብዙዎቹ ጣፋጭ ጁሶች ሱክራሎዝ የሚባል ማጣፈጫ አለባቸው፤ እሱ አይተንም፣ ኮይሉ ላይ ያርና ይጋገራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚቀጥለውን የተበላሸ ኮይል ከመጣልህ በፊት በወረንጦ ፈልቅቀህ እየው። ሜሹ ላይ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለ ማጣፈጫው ነው። ሜሹ ንጹሕ ሆኖ የነካው ጥጥ ቡናማ ወይም ከሰል ከሆነ ድርቀት ነው። ሁለቱንም ብታገኝ አይግረምህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሞክር። ጁሱን ወደ 70/30 (70 ቪጂ፣ 30 ፒጂ)፣ በክረምት ደግሞ ወደ 60/40 አውርደው። አዲስ ኮይል ስትገጥም በሚታየው ጥጥ ላይ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርግ፤ ታንኩን ሞልተህ ለ10 ደቂቃ ተወው። በ60 ዋት ጀምር፣ 70 ላይ ቁም። አንዴ ስበህ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አሳርፈው። ጁሱ ከኮይሉ ቀዳዳዎች በታች እንዲወርድ አትፍቀድ። መኪና ውስጥ አታሳድረው፣ በጃኬትህ የውስጥ ኪስ ያዘው። በዚህ አኳኋን ኮይሉ ከሳምንት በላይ ካልሄደልህ ጥፋተኛው ጣፋጩ ነው፤ ጁስ ቀይር።

አሁን ወደ ድሪፐሩ። ሰዎች የሚወዱት መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። በታንክ ጁሱ በቀዳዳ ገብቶ ታፍኖ በተጠቀጠቀ ጥጥ አልፎ ነው ኮይሉ ጋ የሚደርሰው፤ በድሪፐር በእጅህ ጥጡ ላይ ታንጠባጥበዋለህ፣ የሚጓዘው ሚሊሜትሮች ነው። ወፍራም ጁስ ችግር የሌለበት ለዚህ ነው። የጣዕሙም ምስጢር እዚሁ አካባቢ ነው፦ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አየሩ ኮይሉን ራሱን እየላሰ ያልፋል፣ እንፋሎቱም እንደ ታንክ ረጅም ቧንቧ ሳይወጣ አፍህ ይደርሳል። ጣዕም መቀየር የፈለገ ሰው ጥጡን ነቅሎ በአምስት ደቂቃ ሌላ ያስገባል፤ ያልጨረሰውን ታንክ አይደፋም። ጥጥና ሽቦም ከዝግጁ ኮይል ይረክሳል። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ተጨማሪ ምክንያት አላቸው፦ እዚያ ሕጉ ታንክን በ2 ሚሊ ሊትር ስለሚገድብ ከፍ ባለ ዋት የሚስብ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ይውላል፤ ከሞላ አይቀር ማንጠባጠቡን ይመርጣል።

ላንተ ግን መሪ ላይ ሆነህ አይሆንም። ድሪፐር የሚይዘው ቢበዛ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሰባት ጊዜ ከሳብክ በኋላ ክዳኑን ከፍተህ ጠብታ መጨመር አለብህ። ካረፈድክ ጥጡ ያርራል፣ ካበዛህ በአየር ቀዳዳው ይፈስሳል፣ ጽዋ መያዣው ላይ ካጋደልከው ወንበርህ ይጠጣዋል። የምመክርህ ታንኩን ለመኪና፣ ድሪፐሩን ለቤት ነው። ሁለቱንም በአንድ ካልክ ስኮንከር የሚባለውን እይ፦ ሞዱ (ባትሪውን የያዘው አካል) ውስጥ ለስላሳ ጠርሙስ አለ፣ ስትጫነው ጁሱ በባለቀዳዳው ፒን ወደ ጥጡ ይወጣል። ድሪፐሩ ሲገዛ ያ ባለቀዳዳ ፒን አብሮት መኖሩን አረጋግጥ።

አዘገጃጀቱ። ለመጀመሪያ 22 ሚሊሜትር፣ ለአንድ ኮይል የተሠራ ድሪፐር ይበቃሃል። ካንታል ኤ1 ሽቦ፣ 24 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት ቁጥር ነው) ያዝ። በ3 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ጊዜ ጠምጥመው፤ ከ0.5 እስከ 0.6 ኦም ይሰጥሃል። ሁለቱን እግሮች በምሰሶዎቹ ቀዳዳ አስገብተህ ብሎኖቹን እሰር፤ ከመጠን በላይ ካጠበቅክ ሽቦው ይቆረጣል። ትርፉን እግር ከምሰሶው ጋር እኩል አድርገህ ቁረጥ። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሰናክለው ይህ ነው፦ አንድ ሚሊሜትር ሽቦ ወጣ ብሎ ክዳኑን ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ ሞዱ ስህተት ይጽፍልሃል ወይም ኦሙ ይዘላል። ኮይሉ ከአየር ቀዳዳው ፊት ለፊት ይሁን፣ ወለሉንም አይንካ።

ጥጡን ሳታስገባ በ12 ወይም 15 ዋት ለአጭር ጊዜ ጫን ልቀቅ አድርግ። መቅላቱ ከመሐል ተነስቶ ወደ ጫፍ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ቀድሞ ደምቆ ከቀላ እሳቱን አጥፍተህ ኮይሉን በወረንጦ ቀስ ብለህ ፈተግ አድርግ፣ ጥምጥሞቹን አጠጋጋ፣ እንደገና ሞክር። (ይህ ለካንታልና ለስቲል ነው፤ የኒኬልና የታይታኒየም ሽቦ እንዲህ መቅላት የለበትም።)

ጥጡ ላይ እጅህን አለስልስ። ስታስገባው ትንሽ ይያዝ፣ ግን ኮይሉን ይዞት አይንቀሳቀስ። ከተንሸራተተ ሳስቷል፣ ክፍተቱ ላይ ያርራል፤ ከታነቀ ጁስ አያሳልፍም፣ ልክ እንደ ታንክህ። ሁለቱን ጫፎች ወለሉን ለመንካት በሚበቃ ርዝመት ቁረጥና በወረንጦው አፍታታቸው፣ ሳትጠቀጥቅ አስተኛቸው። ነጩ ጥጥ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል አንጠባጥብ። በ25 ዋት ጀምር፤ ለዚህ ኮይል 30 አካባቢ ጥሩ ነው። ጣዕሙ ሲደበዝዝ የመጨመሪያ ጊዜው ነው፣ ጉሮሮህን እስኪልጥህ አትጠብቅ። በካስተርድ ጥጡን በየሁለት ሦስት ቀኑ ትቀይራለህ። ለፖድ (ለትንንሾቹ ቬፖች) የተሠራ፣ በሚሊ ሊትር 35 ወይም 50 ሚሊግራም ያለው ሶልት ኒኮቲን ግን እዚህ ላይ እንዳታንጠባጥብ፤ 3 ሚሊግራም በቂ ነው። ጠርሙሱን ሕፃን እጅ እንዳይደርስበት አርቅ።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር። ሻጩ «ከድሪፐር ጋር የሚሄደው ይህ ነው» ብሎ ሜካኒካል ሞድ ቢያሳይህ እንቢ በል። እሱ ምንም መከላከያ የለውም፤ የሚፈሰውን የሚወስነው የኮይልህ ኦም ብቻ ነው። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ በ0.2 ኦም ሲካፈል 21 አምፔር ይመጣል፣ ያ ደግሞ 20 አምፔር የተፈቀደለትን ባትሪ ያልፈዋል። ሾርት ካደረገማ ልኩ አይታወቅም። በእጅህ ያለው ዋት የሚያስተካክል ሞድ በቂ ነው። ልባሱ የተቀደደ ባትሪ አትጠቀም፣ ትርፍ ባትሪም ከቁልፍና ሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አታድርግ።

ስትበር ሞዱንም ትርፍ ባትሪውንም በእጅ ሻንጣ ነው የምትይዘው፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ታንኩን ባዶ አድርግ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ለውጥ ጁሱ ይወጣል። ለበዓል አገር ቤት ከሆነ የምትሄደው ግን ጠቅላላውን ሚኒያፖሊስ ተወው፦ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትና መሸጥ ይከለክላል፣ ጉምሩክ ላይ የምትከራከርበት ነገር አይደለም።