«ዘር ከልጓም ይስባል» ላልሽኝ እናት

አንዲት እናት ከአራት ኪሎ ጽፋልኛለች። የ7 ዓመት ወንድ ልጇ ልጆች ይመታል። ባለፈው ሳምንት የክፍል ጓደኛውን ነክሶ ወላጅ አምጣ ተብሏል። አባቱ ተደባዳቢ ነበር፤ የተለያዩትም ልጁ 2 ዓመት ሳይሞላው ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ በደም የተላለፈበት ከሆነ በምርመራ ይታወቃል ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው እስክሪብቶ ይዤ «አባቱ» ያልሽበትን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ምን ሲሉት እንደሚማታ ግን አንድም ቦታ የለም።

ለጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው። ተደባዳቢነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ዘር ቦታ የለውም ግን አልልሽም፤ ቶሎ መቆጣትና ችኩልነት በከፊል ይወረሳል።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደነዲን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1 ሺህ በላይ ልጆችን ተመራማሪዎች እስኪጎለምሱ ተከታትለዋቸዋል። ኤምኤኦኤ የሚባል ዘረመል አለ፤ አንጎል ውስጥ እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎችን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠራ። አንዳንዱ ሰው ላይ ሥራው ደከም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ይህ ደካማው ዓይነት ኖሮባቸው በልጅነታቸው ክፉኛ የተበደሉት ወንዶች ሲያድጉ ለጠበኝነት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ያው ዘረመል ኖሮባቸው በደግ ያደጉትስ? ከሌላው ልጅ አልባሱም። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር ቢቆይም፣ እኔን ወደ ቤትሽ የመለሰኝ ይሄ ነው።

ምክንያቱም «አንዳንዴ በቀበቶ አቀምሰዋለሁ፣ ያው እንደ ማንኛዋም እናት» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። እናትሽም ልጁ ባጠፋ ቁጥር «ቁርጥ አባቱን!» ይላሉ፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ።

እስቲ እሱን ሁኚ። አባትሽን አታውቂውም። ፎቶዎቹ ተቀደዋል (አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ)። ስለ እሱ የሰማሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይማታል። አንቺም እሱን ትመስያለሽ የምትባይው ስትማቺ ብቻ ነው። ስትስቂ፣ ስዕል ስትስይ፣ ለአያትሽ ውኃ ስታቀብይ «ቁርጥ አባቷን» የሚልሽ የለም። ለ7 ዓመት ልጅ አባቱ የሚገኘው በቡጢው ውስጥ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ይናፍቀዋል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?

ደግሞ አትቀየሚኝና፣ ልጁ እጁን ሲያነሳ አንቺ የሚታይሽ የእሱ ትንሽ እጅ አይመስለኝም። ያ የድሮው እጅ ነው። ያ ፍርሃት ያንቺ ነው፣ እውነትም ነው፣ ታመሽበታል። እሱ ግን ሊሸከመው አይገባም።

ሌላው በምሬት መሃል ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፤ «ሌሊት እንደ ትልቅ ሰው ስለሚያንኮራፋ እኔም አልተኛም»። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ቶንሲሉ አብጦ እንቅልፉ የሚቆራረጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ቀን ላይ እንደ እኛ አያንቀላፋም፤ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ በትንሹ ይቆጣል። ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ላይሆን ይችላል፣ ግን ከአባቱ ደም ይልቅ በቀላሉ የሚታይ ነገር ነው።

ቀበቶውን ለጊዜው ከዓይንሽ አርቂው። እናትሽንም በጨዋ ቋንቋ፣ ልጁ በሌለበት፣ ያቺን ቃል እንዲተዉ ለምኛቸው፤ በአንድ ቀን አይተዉም፣ ታገሺ። የቀረውን በደብዳቤ አልጨርሰውም። የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ መጀመሪያ ግን ለብቻሽ ብትሄጂ እመርጣለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር አስቢልኝ። ያንን ሰው አንድ ወቅት ወደሽው ነበር። ምኑን? ሳቁን ይሁን፣ እጀ ወርቅነቱን፣ ዘፈን መውደዱን፣ እኔ አላውቅም። እሷን አንዷን ነገር ለልጁ ንገሪው፣ ባልተማታበት ቀን።