ቢራው አልተበላሸም፤ ጠርሙስ ውስጥ ግን እንዳታስገባው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ የተጠመቀ 20 ሊትር ቢራ 16 ቀን ሆኖታል። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይንሳፈፋል፣ ኤርሎኩም (ክዳኑ ላይ ያለው፣ ጋዝ እያስወጣ አየር የማያስገባው ዕቃ) አልፎ አልፎ ቡልቅ ይላል። ሃይድሮሜትሩ (ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው መለኪያ፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል) ሲጀመር 1.048፣ አሁን 1.020 ያነባል። ክፍሉ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጠያቂው ስኳር ጨምሮበታል፣ የሚያፈሰውን የባልዲውን ቧንቧም በሲሊኮን ደፍኖታል። «ተበላሽቷል ወይስ ጠርሙስ ልሙላው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም አይደለም። ቁጥሩንና ቅዝቃዜውን ሳይ እርሾው በርዶት የተኛ ነው የሚመስለኝ።

ነጩን ነገር በባትሪ እየው። ቁርጥራጭ፣ ክሬም መሳይ፣ ባልዲውን ነቅነቅ ሲያደርጉት የሚሰምጥ ከሆነ የእርሾ ቅሪት ነው። እንደ ስስ ቆዳ ሸፍኖት ከተጨማደደ፣ ከሥሩም የአየር ኳሶች ካቆረ፣ ባክቴሪያ ወይም የዱር እርሾ ገብቶበታል። ፀጉር ያበቀለ ሻጋታ ካየህ ሳትቀምስ ድፋው።

ቡልቅታውን ግን አትመነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ቢራ ውስጥ የሟሟ ጋዝ አለ። ሲቀዘቅዝ ብዙ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ክፍሉ ሞቅ ሲል፣ እርሾው ምንም ሳይሠራ ኤርሎኩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በተቃራኒው ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ይወጣል፤ ቢራው እየፈላ ኤርሎኩ ጸጥ ይላል። የሚያረጋግጥልህ መለኪያው ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ይፈተሽ። ርካሾቹ ውስጥ ያለችው ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ትንሸራተታለች። 20 ዲግሪ በሆነ ንጹህ ውሃ 1.000 ማንበብ አለበት፤ ካላነበበ ልዩነቱን አስላ። ናሙናውን አራግፈህ ጋዙን አስወጣ፤ አረፋ መለኪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የለካህበትን ቅመሰው፣ ወደ ባልዲው ግን አትመልሰው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካላለ ጥሩ ምልክት ነው።

«እንዲነቃ» ብለህ ስኳር ጨምረሃል አሉ። ማን እንደመከረህ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር! የተኛ እርሾ ሙቀት እንጂ ስኳር አይፈልግም። የሚያፈሰውን የፕላስቲክ ቧንቧ በሲሊኮን መድፈንህም አናደደኝ። ተፈቶ የማይታጠብ ቧንቧ የባክቴሪያ ቤት ነው። ይህ ቢራ ካለቀ በኋላ ቧንቧውን ጣለውና የሚፈታ ግዛ።

አሁን ባልዲውን 20 ዲግሪ አካባቢ ወዳለ ቦታ ውሰደው። ክዳኑን ሳትከፍት በቀስታ አሽከርክረህ እርሾውን ቀስቅሰው። ከ4 ቀን በኋላ ለካ፣ ከዚያም በየ2 ቀኑ። 1.012 አካባቢ ደርሶ ሦስት ጊዜ ያው ቁጥር ካልመጣ ጠርሙስ አትንካ። ከ1.020 እስከ 1.012 ያለው ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ቢፈላ በአንድ ሊትር ቢራ 4 ሊትር ያህል ጋዝ ይፈጥራል፤ ብዙ የጠርሙስ ቢራ ግን የሚይዘው 2.5 ገደማ ነው። ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

ቆዳ የሸፈነው ሆኖ ካገኘኸው ቁጥሩ ቢቆምም እንዳትሞላ። የዱር እርሾ ተራው እርሾ የተወውን ስኳር ወራት ቆይቶም ይበላል። ደህና ከሆነ፣ ጠርሙስ ስትሞላ ጋዝ እንዲፈጥር በሊትር 6 ግራም ስኳር ይበቃል፤ ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ተጠቀም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አቆያቸው፤ ስትከፍተውም መነጽር አድርግ።