ቆጣሪው ስለ ቤታችን ምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የመብራት ቆጣሪያችን በዘመናዊ ከተቀየረ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ቤት መኖር አለመኖራችሁን ያውቃል» ይሉኛል። እውነት ነው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እኅቴ፣ ጎረቤቶችዎ አልተሳሳቱም። ቆጣሪው ካሜራ የለውም፤ ፍጆታዎን ግን በየሰዓቱ ወይም በየ15 ደቂቃው እየመዘገበ ለመብራት ድርጅቱ ይልካል። የእንጀራ ምጣድዎ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ገና ሲሰካ በመዝገቡ ላይ ፍጆታው ሽቅብ ይወጣል፣ የመጨረሻው እንጀራ እስኪነሣም ወደ ቀድሞው አይመለስም። መዝገቡን ለጥቂት ሳምንታት ያየ ሰው የሚጋግሩበትን ቀን፣ የሚተኙበትን ሰዓት፣ ቤቱን ዘግተው የሄዱበትን ሳምንት ይለያል። ይህ ገበናዎ ነው።

በ2018 የአሜሪካ ሰባተኛ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የኢሊኖይዋ ኔፐርቪል ከተማ በየ15 ደቂቃው የምትሰበስበው ንባብ በሕገ መንግሥቱ መሠረት «ፍተሻ» ነው ብሏል። ዓላማው ወንጀል ፍለጋ ስላልሆነ ግን ፈቅዶታል። እኔ የምስማማው በፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው።

በሜሪላንድ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ ከፍለው ዘመናዊውን ቆጣሪ አልፈልግም ማለት ይችላሉ፤ ገበናን ለመጠበቅ ገንዘብ መጠየቁ ግን ያስቆጣኛል። ስለዚህ አስቀድመው ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ንባቡ በስንት ደቂቃ ልዩነት ይወሰዳል፣ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ለማን ይሰጣል? በድርጅቱ ድረ ገጽ መዝገቡን የሚያዩበትን ሒሳብ የይለፍ ቃልም ዛሬውኑ ይቀይሩ። አብሮዎት ኖሮ የወጣ ሰው የቀድሞውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ከድርጅቱ ይልቅ የሚያሰጋዎት እርሱ ነው። ተከራይ ከሆኑና ሒሳቡ በአከራይዎ ስም ከሆነም፣ መዝገቡን የሚያዩት አከራይዎ ናቸው።