ክንፉ ለስልሷል፤ ታዲያ ለምን ይደፋል?

ጥያቄ፦ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ ጫፍ 90፣ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞተር አልባ የፎም አውሮፕላን ሠርቻለሁ። ከእጄ ስለቀው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይወጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ይደፋል፤ መልሶ ይነሳል። ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ባለሰልሰውም አልተሻለውም። በማራገቢያ የነፋስ መሿለኪያ ሠርቼ ልፈትነው?

መልስ፦ መሿለኪያው ይቆይ። ይህ ጠባይ በአብዛኛው የሚመጣው ከሚዛን እንጂ ከክንፍ ልስላሴ አይደለም። ከክንፉ ሥር፣ ከአካሉ ግራና ቀኝ፣ በሁለት ጣት ደግፈው ያንሱት። ሳያዘነብል የሚቆምበት ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ይህም የወርዱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ነው። ነጥቡ ከዚያ ወደ ኋላ ከሸሸ አፍንጫው ላይ ፕላስቲሲን አንድ አንድ ግራም እየጨመሩ ይመልሱት።

ሚዛኑ ተስተካክሎም መዋለሉን ካልተወ፣ ከአግዳሚው ጭራ የፊት ጠርዝ ሥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ያስገቡ። ጭራው 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ይህ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ግን ለውጡ ወዲያው ይታያል። አሁን ደፍቶ ከወረደ ካርቶኑን አውጥተው ቀጭን ወረቀት ይተኩ።

አወራወርም ያሳስታል። ከመጠን በላይ በኃይል የተወረወረ አውሮፕላን ሚዛኑ ልክ ቢሆንም ሽቅብ ይወጣል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ወደ ፊት ይግፉት። ከ2 ሜትር ከፍታ አምስት ጊዜ ለቀው ርቀቱን ይለኩ፤ አማካዩ 14 ሜትር ከሆነ የመንሸራተት ምጣኔው (የተጓዘው ርቀት ለወረደው ከፍታ) 7 ለ 1 ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፤ ሁለት ነገር ከነኩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ በክንፍ ላይ ክር መለጠፍ ይጠቅማል ይባላል። ሻካራ ነገር እንዴት ያሻሽላል?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ለትናንሽ ክንፎች። 12 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክንፍ በሴኮንድ 6 ሜትር ሲበር የሬይኖልድስ ቁጥሩ (የክንፉን ወርድና ፍጥነት ከአየሩ ዝልግልግነት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) ወደ 50,000 ነው። በዚህ መጠን በለሰለሰ ክንፍ ላይ በእርጋታ የሚንሸራተተው አየር የክንፉን ጀርባ ሳይጨርስ ይላቀቃል፤ መጎተትም (አየሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል) ይጨምራል። ክሩ አየሩን ስለሚያውከው፣ የታወከው አየር ከገጹ ጋር ረዘም ላለ ርቀት ተጣብቆ ይሄዳል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ከፊት ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በላይኛው ገጽ ከጫፍ ጫፍ ይለጥፉ። ከዚያ አምስቱን ውርወራ ይድገሙ። ርቀቱ ካልጨመረ ክሩን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዛውሩ።

ማራገቢያው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የመጠጫ ስትሮዎችን በካርቶን ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ደርድረው ከፊቱ ያቁሙ፤ ያለ እነሱ ነፋሱ እየተሽከረከረ ይመጣል። 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የክንፍ ቁራጭ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቀጫጭን የስፌት ክሮች፣ የፊት ጫፋቸውን ብቻ በስኮች ይያዙ። ክሮቹ ጸጥ ብለው ከተኙ አየሩ ተጣብቋል፤ ከተንቀጠቀጡ ወይም ወደ ፊት ከዞሩ ተላቅቋል። የቁራጩን ዝንባሌ ቀስ በቀስ ሲያሳድጉ መላቀቁ ከኋላ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ፊት ሲገፋ በዓይን ይታያል። መጎተትን ግን በዚህ መሣሪያ አይለኩ፤ ነፋሱ ለዚያ የሚበቃ እኩልነት የለውም።

ክሩ በሁለቱም ክንፍ በእኩል ርቀት ይለጠፍ። አንዱ ከተዛነፈ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን ይዞራል።